በርሜል ቆጠራ ብቻውን አያዋጣም፦ የካሩ ገደሎች ስለ ጥልቅ ባሕር ነዳጅ ምን ይናገራሉ?

ዲሴምበር 9 ቀን 2019 በለንደን የአክሲዮን ገበያ የቱሎው ኦይል አክሲዮን በአንድ ቀን ግብይት 70 በመቶ ያህል ዋጋውን አጣ። ኩባንያው ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በ2013 በደቡብ ኦሞ ነዳጅ ፍለጋ ሲቆፍር የነበረው እሱ ነው። በዚያ ዕለት ግን ወሬው የመጣው ከጋና ባሕር ነበር። ኩባንያው የቀጣዩን ዓመት የምርት ዕቅድ መቀነሱን፣ ለባለአክሲዮኖች የሚከፍለውን የትርፍ ድርሻ ማቋረጡን፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚውና የፍለጋ ዳይሬክተሩም ከኃላፊነት መልቀቃቸውን አስታወቀ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከተሰጡት ምክንያቶች አንዳንዶቹ የመሣሪያ ችግርና የጋዝ ሽያጭ መቀነስ ነበሩ። ሌሎቹ ግን ከባሕሩ ወለል በታች ያለውን ድንጋይ የሚነኩ ናቸው። በጁቢሊ መስክ አንዳንድ ጉድጓዶች ከነዳጁ ጋር የሚያወጡት ውኃ ጨመረ። ኤንየንራ በተባለው መስክ ደግሞ ሁለት አዳዲስ ጉድጓዶች በቴክኒክ ችግር ሲሰናከሉ፣ የመስኩ ምርትም ከታሰበው ፍጥነት በላይ አሽቆለቆለ።

እንደሚታወቀው በጋና ባሕር ነዳጅ ስለመኖሩ የተጠራጠረ አልነበረም። ጁቢሊ በ2007 ተገኝቶ ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ ሲያመርት ቆይቷል። ጥያቄው ያለው ነዳጅ በምን ያህል ፍጥነት፣ በየት በኩልና ስንቱ ይወጣል የሚለው ነበር። ለባለሀብቱ ትልቁ ቁም ነገር ያለውም እዚህ ላይ ነው። ከመሬት በታች ያለ በርሜል ስለተቆጠረ ብቻ ገንዘብ አይሆንም። ገንዘብ የሚሆነው ፈሳሹ በድንጋዩ ውስጥ መንገድ ሲኖረው ነው። ያን መንገድ አስቀድሞ ለማወቅ ደግሞ የሥነ ምድር ባለሙያዎች ከባሕሩ ርቀው ወደ ደረቅ ተራራና ገደል ይሄዳሉ።

ሃያ ክፍል ያለው መጋዘን

ነገሩን በነጋዴ ቋንቋ ማየት ይቻላል። አንድ ነጋዴ ሃያ ክፍል ያለው መጋዘን ከነዕቃው ገዛ እንበል። ክፍሎቹ እርስ በርስ የሚያገናኝ በር ካላቸው በአንድ የውጭ በር መኪና አስጠግቶ ሁሉንም ይጭናል። ክፍሎቹ በግንብ ተለያይተው ከሆነ ግን ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን በር ማስከፈት አለበት። የዕቃው መጠን በሁለቱም መጋዘን አንድ ነው፤ ወጪው ግን እጅግ ይለያያል።

በጥልቅ ባሕር የነዳጅ ሥራ ያ "በር" ጉድጓድ ነው። አንድ ጉድጓድ 100 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ስለሆነም ኩባንያዎች በየብስ እንደሚያደርጉት በመቶዎች የሚቆጠሩ ጉድጓዶችን አይቆፍሩም፤ ጥቂት ቆፍረው ከእያንዳንዱ ብዙ ማውጣት ይፈልጋሉ። ይህ ስሌት የሚሠራው አንዱ ጉድጓድ ሰፊ ቦታን መሳብ ሲችል ብቻ ነው።

የልዩነቱን ክብደት ለማሳየት ያህል አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ መስክ ውስጥ 1 ቢሊዮን በርሜል ነዳጅ አለ ቢባልና 40 በመቶው ቢወጣ 400 ሚሊዮን በርሜል ይሆናል። አሸዋዎቹ ተቆራርጠው ሆነው 20 በመቶው ብቻ ቢወጣ ደግሞ 200 ሚሊዮን። በርሜሉ በ60 ዶላር ቢሸጥ በሁለቱ መካከል ያለው የገቢ ልዩነት 12 ቢሊዮን ዶላር ነው። ነዳጁ ሲገኝ በተሰጠው መግለጫ ላይ ግን ሁለቱም መስኮች "1 ቢሊዮን በርሜል" ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ።

ነዳጅ እንደ ሐይቅ በዋሻ ውስጥ ተጠራቅሞ የሚገኝ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ነዳጁ ያለው በአሸዋ ድንጋይ ቅንጣቶች መካከል ባሉ ጥቃቅን ክፍተቶች ውስጥ ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ በ1856 ለዲዦን ከተማ የውኃ አገልግሎት ባደረገው ሙከራ፣ በአሸዋ ውስጥ የሚያልፈው የውኃ መጠን በግፊቱ ልዩነትና በአሸዋው የማሳለፍ አቅም እንደሚወሰን አሳየ። ዛሬም የነዳጅ መሐንዲሶች የድንጋይን የማሳለፍ አቅም የሚለኩት በእሱ ስም በተሰየመ መለኪያ ነው። ጥሩ አሸዋ ፈሳሹን በቀላሉ ያሳልፋል። የጭቃ ድንጋይ ግን ከሞላ ጎደል ይዘጋዋል። የጥልቅ ባሕር ድንጋይ ደግሞ የሁለቱ ድርርብ ነው።

የባሕር ውስጥ ጎርፍ

ለመሆኑ አሸዋ ከሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት ወዳለው የባሕር ወለል እንዴት ደረሰ? ወንዝ አሸዋን የሚያራግፈው በባሕር ዳርቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ለረጅም ጊዜ ግልጽ አልነበረም።

ትልቁ ፍንጭ የተገኘው ከንግድ መሥመር መቆረጥ ነው። የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ከወደቀ ሳምንታት በኋላ፣ ኖቬምበር 18 ቀን 1929 በካናዳ ኒውፋውንድላንድ አጠገብ ከባሕር ሥር የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። አውሮፓንና አሜሪካን የሚያገናኙ 12 የቴሌግራፍ ገመዶች ተበጠሱ። ለመንቀጥቀጡ ቅርብ የሆኑት ወዲያው ሲበጠሱ፣ ራቅ ብለው በጥልቁ ላይ የተዘረጉት ግን በሰዓታት ልዩነት ተራ በተራ ተቆረጡ። ቴሌግራፉ እያንዳንዱ ገመድ የተበጠሰበትን ደቂቃ መዝግቦ ነበርና በ1952 ብሩስ ሂዘንና ሞሪስ ዩዊንግ የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን ምክንያቱን ከዚያ መዝገብ አወጡት። መንቀጥቀጡ የናደው ደለል ከውኃ ጋር ተደባልቆ፣ እንደ ክረምት ጎርፍ በባሕሩ ተዳፋት ላይ እየጋለበ ገመዶቹን በየተራ በጥሷቸዋል።

እንዲህ ያለው ጎርፍ ሲደክም መጀመሪያ ከባዱን አሸዋ ይጥላል፤ ቀጥሎ ደቃቁን፣ በመጨረሻም ጭቃውን ያረጋል። ፊሊፕ ኩነን እና ካርሎ ሚሊዮሪኒ በ1950 ይህን አረጋግጠው ጽፈው ነበር። ሆላንዳዊው አርኖልድ ቦውማ ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ አኖ በተባለው ስፍራ የሚገኙትን ገደሎች አጥንቶ፣ አንድ ጎርፍ የሚተወው ንጣፍ ከታች ወደ ላይ አምስት ክፍሎች እንዳሉት በ1962 አሳተመ። ቅደም ተከተሉ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ጎርፎቹ በሺህ የሚቆጠሩ ሲሆኑ ክምሩ በመቶ ሜትሮች ይወፍራል። በጋና፣ በናይጄሪያና በአንጎላ ባሕር፣ በብራዚል ካምፖስ ተፋሰስ፣ በ2015 ሊዛ የተሰኘው መስክ በተገኘባት ጉያና እንዲሁም በሞዛምቢክ ሮቩማ ተፋሰስ ነዳጁንና ጋዙን የያዘው ይኸው ዓይነት አሸዋ ነው።

በሁለት መሣሪያዎች መካከል ያለው ጨለማ

ኩባንያዎች ከባሕር ሥር ያለውን ድንጋይ የሚያዩባቸው ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው የሴይስሚክ ጥናት ነው። ከመርከብ የድምፅ ሞገድ ተልኮ ከድንጋዩ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ይመዘገባል። በዚህ ጥናት በመቶ ስኩዌር ኪሎ ሜትሮች የሚለካ ቦታ ይታያል። ይሁን እንጂ በነዳጅ ጥልቀት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ወይም ከ20 ሜትር በታች የሆነን ውፍረት ለይቶ ማሳየት ይቸግረዋል።

ሁለተኛው ጉድጓዱ ራሱ ነው። ከጉድጓዱ በሚወጣው የድንጋይ ናሙና ላይ የአንድ ሴንቲ ሜትር ጭቃ እንኳ በዓይን ይታያል። ነገር ግን ጉድጓዱ አንድ ስንዝር ያህል ስፋት ብቻ ያለው ሲሆን የሚቀጥለው ጉድጓድ ያለው ከአንድና ከሁለት ኪሎ ሜትር በኋላ ነው። በናሙናው ላይ የታየው የጭቃ ንጣፍ አሥር ሜትር ሄዶ ያልቃል ወይስ አሥር ኪሎ ሜትር ይዘልቃል? ጉድጓዱ ይህን መመለስ አይችልም።

የፈሳሹን መንገድ የሚወስነው ግን ይኸው ነው። ግማሽ ሜትር ውፍረት ያለው ጭቃ በሰፊው ከተዘረጋ ከላይ ያለውን አሸዋ ከታችኛው ይለየዋል። ያው ጭቃ በየቦታው ተበሳስቶ ከሆነ ነዳጁ በቀዳዳዎቹ ያልፋል። በሴይስሚክ ሥዕል ላይ ሁለቱም አይታዩም። በጉድጓድ ናሙና ላይ ደግሞ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። ገደሉ የሚፈለገው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

የካሩ ምስክርነት

ከኬፕታውን በሰሜን ምሥራቅ አቅጣጫ በደቡብ አፍሪካ ታንክዋ ካሩ የሚባል ደረቅ ምድር አለ። ዝናብ ስለማይበዛበት ተክሉ ስስ ነው፤ ድንጋዩ ራቁቱን ይታያል። ከ250 ሚሊዮን ዓመት በፊት ይህ ስፍራ ጥልቅ ባሕር ነበር። በባሕር ውስጥ ጎርፍ የተከመሩት አሸዋዎች ዛሬ በኮረብታዎቹ ጎን ላይ ለአሥር ኪሎ ሜትሮች ሳይቋረጡ ይነበባሉ። ንጣፎቹ ብዙም ሳይዘነበሉ እንደተኙ መገኘታቸው ለልኬታው ይመቻል። ቦውማ ከደቡብ አፍሪካዊው ደ ቪል ዊከንስ ጋር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስለዚህ ስፍራ ካሳተመ በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የነዳጅ ኩባንያዎች ሲመላለሱበት ኖረዋል። የአየርላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ የሮስ ገደሎች፣ የቴክሳስ ብራሺ ካንየንና የፈረንሳዩ አኖም በዚሁ ሥራ የታወቁ ናቸው።

ባለሙያዎቹ በገደሉ ላይ የሚሠሩት ሥራ በመሠረቱ ቆጠራና ልኬት ነው። እያንዳንዱን ንጣፍ እየተከተሉ ውፍረቱን፣ ስፋቱን፣ የት እንደሚሳሳና የት እንደሚያልቅ ይመዘግባሉ። ቀድሞ ይህ በሜትር፣ በማስታወሻ ደብተርና በፎቶግራፍ ይሠራ ነበር። ከ2000 ወዲህ የሌዘር መለኪያ፣ ኋላም ድሮን ተጨምሮ ገደሉ በሙሉ በኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። በታንክዋና በአየርላንድ ከገደሉ ጀርባ ጉድጓድ እየተቆፈረ ናሙና ወጥቷል። በዚህም በገደሉ ላይ በግልጽ የሚታየው ነገር በጉድጓድ ውስጥ ምን እንደሚመስል ማነጻጸር ተችሏል።

ከዚህ ሥራ ለፈሳሽ ፍሰት የሚጠቅሙ ዋና ዋና ትምህርቶች ተገኝተዋል።

የመጀመሪያው የአሸዋው ክምር ቅርጽ ነው። ጎርፉ ከቦይ ወጥቶ ሜዳ ላይ ሲዘረጋ፣ ውፍረቱ በሜትሮች፣ ስፋቱ ግን በኪሎ ሜትሮች የሚለካ ምላስ መሰል ክምር ይተዋል። ቀጣዩ ክምር በፊተኛው ጫፍ ላይ አይቀመጥም፤ ወደ ጎን ወዳለው ዝቅተኛ ቦታ ያዘነብላል። እህል በረንዳ ላይ ከጆንያ የሚዘረገፍ ጤፍ ክምሩ ከፍ ሲል ወደ ጎን እንደሚንሸራተት ማለት ነው። ስለዚህ በአንዱ ጉድጓድ ወፍራም ሆኖ የተገኘ አሸዋ በሚቀጥለው ጉድጓድ ስስ ቢሆን አሸዋው አለቀ ማለት ላይሆን ይችላል። ሌላ ክምር ከጎኑ ይኖራል። በሁለቱ መካከል ግን ደቃቅ ደለል ሊጋርድ ይችላል።

ሁለተኛው የመገናኛ በሮቹ ጉዳይ ነው። ኃይለኛ ጎርፍ ከሥሩ ያለውን ጭቃ ጠርጎ ይወስድና የራሱን አሸዋ በቀጥታ በቀደመው አሸዋ ላይ ያሳርፋል። በመጋዘኑ ምሳሌ ግንቡ ፈርሶ ሁለቱ ክፍሎች አንድ ሆኑ ማለት ነው። እንዲህ ያለው መጋጠም በክምሩ መካከል ይበዛል፤ ወደ ዳር ሲኬድ ይቀንሳል። በዳርቻው ደግሞ ጭቃ የተቀላቀለባቸው አሸዋዎች ይመጣሉ። ውፍረታቸው ጥሩ ቢመስልም ፈሳሽ የማሳለፍ አቅማቸው ደካማ ነው። አሸዋው ስንት ሜትር ነው ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ባለሀብት በእነዚህ ሊታለል ይችላል።

ሦስተኛው ቦዮቹን ይመለከታል። በአንጎላ በ1996 የተገኘውና 1,400 ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ባሕር ውስጥ ሆኖ በ2001 ማምረት የጀመረው ዢራሶል መስክ ነዳጁ ያለው በእንዲህ ያሉ ጥንታዊ ቦዮች ውስጥ ነው። በገደሎች ላይ እንደሚታየው ቦይ በቦይ ላይ እየተቆፈረ ሲደራረብ በግድግዳው ላይ ስስ የጭቃ ሽፋን ሊቀር ይችላል። ሽፋኑ ሙሉ ከሆነ ሁለት ጎረቤት ቦዮች ተነካክተውም አይገናኙም። ከተሸረሸረ ግን አንድ ጉድጓድ ለሁለቱም ይበቃል።

ከገደል ወደ ሒሳብ መዝገብ

እነዚህ ልኬቶች በኮምፒውተር ሞዴል ውስጥ ይገባሉ። መሐንዲሱ በሞዴሉ ውስጥ ጉድጓዶችን እያስቀመጠ በዓመታት ውስጥ ስንት በርሜል እንደሚወጣ ያሰላል። አንድ ሞዴል ብቻ ሳይሆን ብዙ አማራጭ ሞዴሎች ይሠራሉ፤ ጭቃው በሰፊው የተዘረጋበት፣ የተበሳሳበትና በሁለቱ መካከል ያለው። በመጨረሻ በአክሲዮን ገበያ የሚነገሩት ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ የክምችት ግምቶች ከእንዲህ ያለው ስሌት የሚወጡ ናቸው።

በተለይ የውኃ ጉዳይ ብርቱ ነው። ነዳጅ ሲወጣ በድንጋዩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚወርድ፣ ኩባንያዎች በሌሎች ጉድጓዶች ውኃ እያስገቡ ነዳጁን ይገፉታል። ውኃው በሁሉም ንጣፎች ውስጥ እኩል ቢራመድ ነዳጁን እየጠረገ ይሄዳል። ነገር ግን አንዱ ንጣፍ ከሌሎቹ ይበልጥ የሚያሳልፍ ከሆነ ውኃው በዚያ አቋርጦ ወደ ማምረቻው ጉድጓድ ቀድሞ ይደርሳል፤ በሌሎቹ ንጣፎች ያለው ነዳጅ ወደ ኋላ ይቀራል። በመካከሉ የተሟላ የጭቃ ግንብ ካለ ደግሞ ውኃው ምንም ሳይገፋ ይቀራል። በጉድጓድ ውስጥ የውኃ ድርሻ ከተጠበቀው ቀድሞ ሲጨምር ገበያው የሚደነግጠው ለዚህ ነው። በርሜሉ ባለበት ቢኖርም መውጫ መንገዱ ጠቧል ማለት ነው።

ገደሉ የማይናገረው

ገደል ሁሉን ይመልሳል ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። የካሩ ድንጋዮች በታሪካቸው በጥልቅ ተቀብረው ስለነበር በቅንጣቶቻቸው መካከል የነበረው ክፍተት በአመዛኙ ጠፍቷል። በእነሱ ውስጥ ዛሬ ነዳጅ እንደ ልብ አይፈስም። ስለዚህ ከገደሉ የሚወሰደው ቅርጹና ስፋቱ ነው። የማሳለፍ አቅሙ መለካት ያለበት ከራሱ ከነዳጅ መስኩ በሚወጣው ናሙና ላይ ነው።

ከዚህም በላይ የተሳሳተ ገደል መምረጥ ከነጭራሹ ካለማየት ሊብስ ይችላል። የታንክዋ አሸዋ በጣም ደቃቅ ነው፤ ሰፊና ጠፍጣፋ የባሕር ወለል ላይ የተከመረ ነው። ጠባብና ቁልቁለታማ በሆነ ስፍራ ሻካራ አሸዋ ለተከመረበት መስክ የታንክዋን ልኬት እንዳለ መውሰድ፣ የመርካቶን የሱቅ ኪራይ አይቶ የገጠር ከተማን ኪራይ እንደመተመን ይሆናል። ጥንቁቅ ባለሙያዎች ከአንድ በላይ ገደል የሚያወዳድሩት በዚህ የተነሳ ነው።

ከነዳጅ ውጭና በአገር ቤት

ዘዴው ለነዳጅ ብቻ አይደለም። ኖርዌይ ከ1996 ጀምሮ በስላይፕነር መስክ በዓመት አንድ ሚሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከባሕር ወለል በታች ባለ አሸዋ ውስጥ ስትቀብር ቆይታለች። በኋላ በተደረገው የሴይስሚክ ክትትል ጋዙ ወደ ላይ ሲወጣ አንድ ሜትር ገደማ በሆኑ ስስ የጭቃ ንጣፎች ሥር እየተጠራቀመ ደረጃ በደረጃ መዘርጋቱ ታይቷል። የዚያ አሸዋ አመጣጥ ከካሩው ጋር አንድ ነው ባይባልም ትምህርቱ ያው ነው፤ ትልቁን ፍሰት ትንሹ ጭቃ ይመራዋል።

ኢትዮጵያ የጥልቅ ባሕር መስክ የላትም። የዘዴው አመክንዮ ግን ለእርሷም ይሠራል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኦጋዴን ካሉብ ጋዝ ሲያገኝ፣ ጋዙን ከያዙት ንጣፎች አንዱ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ነበር። በኦጋዴን በጥልቀት ተቀብሮ ያለው ይህ ድንጋይ በትግራይና በዓባይ ሸለቆ ገደሎች ላይ በግላጭ ይታያል። ይሁንና ይህን አሸዋ በአብዛኛው ያስቀመጡት ወንዞች ስለሆኑ ለእሱ የሚመጥነው መስታወት ካሩ ሳይሆን የራሱ የዓባይ ገደል ነው።

ባለሀብቱ ምን ይጠይቅ?

የነዳጅ ኩባንያ "አገኘሁ" ብሎ መግለጫ ሲያወጣ የአክሲዮኑ ዋጋ የሚነሳው በበርሜል ቁጥሩ ነው። አስተዋይ ገዥ ግን ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን ማንበብ ይኖርበታል። የተነገረው ቁጥር ከመሬት በታች ያለው ጠቅላላ ነዳጅ ነው ወይስ ሊወጣ የሚችለው? ግምቱ በስንት ጉድጓድ ላይ ቆመ? በጉድጓዶቹ መካከል ግፊቱ አብሮ መውረድ አለመውረዱ ተፈትኗል? በዝቅተኛውና በከፍተኛው ግምት መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል ነው? ርቀቱ ሰፊ ከሆነ ኩባንያው ስለ መጋዘኑ በሮች ገና በቂ ዕውቀት የለውም ማለት ነው።

መልሱ ሙሉ በሙሉ የሚታወቀው ምርት ተጀምሮ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። እስከዚያው ድረስ ግን ገደል ለክቶ ሞዴሉን የሠራ ኩባንያና በሴይስሚክ ሥዕል ብቻ ተስፋ የሸጠ ኩባንያ እኩል ዋጋ ሊሰጣቸው አይገባም።